ዝም ያለው ባልደረባ ምን እያለ ነው?

ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሰዎች አብረው በሚሠሩበት ቡድን ውስጥ ብዙ ሰው የሚፈራው ግጭትን ነው። ድምፅ ከፍ ብሎ ሲሰማ፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ በሰው ፊት ሲያጣጥል ወይም ቅሬታ በጽሑፍ ሲቀርብ ኃላፊዎች ይደነግጣሉ፤ ስለ ባህል ልዩነት ሥልጠና ይሰጥ የሚባለውም ብዙውን ጊዜ ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን በእንዲህ ያሉ ቡድኖች ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ይበልጥ እያሳሰበኝ የመጣው ዝምታ ነው። አለቃው ዕቅዱን አስረድቶ «ተቃውሞ ያለው አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ማንም አይናገርም፤ ስብሰባውም በሰላም ያልቃል። ከሳምንታት በኋላ ሥራው ሲጓተት ወይም ሲበላሽ ግን፣ ችግሩን ገና ከጅምሩ ያየ ሰው በዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንደ ነበረ ይታወቃል።

ዝምታን አስቸጋሪ የሚያደርገው እያንዳንዱ ሰው በለመደው መንገድ የሚተረጉመው መሆኑ ነው። ለአንዱ ባልደረባ ዝም ማለት መስማማት ነው፤ ለሌላው ለሚናገረው ሰው የሚሰጥ አክብሮት ነው፤ ለሦስተኛው ገና እያሰብኩበት ነው ማለት ነው፤ ለአራተኛው ደግሞ ሰው ፊት ላለማዋረድ ሲባል በለሆሳስ የሚገለጽ ተቃውሞ ነው። ክፉ ቃል የተናገረ ሰው ቢያንስ ቃሉ ይጠቀስበታል፤ ይቅርታ ይጠይቃል ወይም ያብራራል። ዝም ያለ ሰው ግን የሚጠቀስበት ነገር ስለሌለ፣ አለቃው ዝምታውን በራሱ ፍላጎት ይሞላዋል፤ አለቃ ደግሞ በባሕርዩ ከሁሉም ትርጓሜዎች መካከል «ተስማምተዋል» የሚለውን ይመርጣል።

ይህን ጉዳይ በጥናት ለመመርመር ከሞከሩት መካከል ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ኔዘርላንዳዊው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ምሁር ጌርት ሆፍስቴድ ናቸው። ከ1967 እስከ 1973 ድረስ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በበርካታ አገሮች ከሚገኙ የአይቢኤም ኩባንያ ሠራተኞች የተሰበሰቡ ከ100,000 የሚበልጡ መጠይቆችን መርምረው፣ በ1980 ባሳተሙት ሥራ የሥራ ቦታ ባህሎች የሚለያዩባቸውን ጥቂት መለኪያዎች አቀረቡ። ከእነዚህም አንዱ «የሥልጣን ርቀት» የሚባለው ነው፤ በተዋረዱ ታች ያሉ ሰዎች ሥልጣን በእኩል አለመከፋፈሉን ምን ያህል እንደ ተገቢ ነገር እንደሚቀበሉት የሚያሳይ ነው። በሆፍስቴድ ስሌት ማሌዥያ 104 ስታገኝ የራሳቸው አገር ኔዘርላንድስ 38 አግኝታለች። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ኤድዋርድ ሆል ደግሞ ከዚያ ቀደም ብለው፣ አንዳንድ ማኅበረሰቦች መልእክቱን ሙሉ በሙሉ በቃላት ሲያስቀምጡ ሌሎቹ ግን አብዛኛውን ለሁኔታው፣ ለዝምድናውና ለአነጋገሩ ቃና እንደሚተዉ ጽፈው ነበር።

እነዚህ ሐሳቦች ጠቅመውኛል፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ለማንም ሰው፣ የኔ አነጋገር ተፈጥሯዊው፣ የሌላው ግን የተጣመመው አለመሆኑን ለማስገንዘብ እንደ እነርሱ የሚያግዝ ጥቂት ነው። ሆኖም እንዲህ ያሉት ቁጥሮች የአገር አማካይ እንጂ የሰው መግለጫ አይደሉም። ብሬንዳን ማክስዊኒ የተባሉት ምሁር በ2002 ባወጡት ትችት እንዳመለከቱት፣ ከአንድ ኩባንያ ሠራተኞች የተገኘ መልስ ስለ አንድ አገር ሕዝብ በሙሉ ይናገራል ብሎ መነሣቱ ራሱ ብዙ ጥያቄ ያስነሣል። በሥራ ላይ የማየው ጉዳት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ሥልጠናውን የወሰደ ኃላፊ «የእነርሱ ባህል አለቃን መቃወም አይፈቅድም» የሚል ዕውቀት ይዞ ይመለስና፣ ከዚያ በኋላ ያንን ባልደረባ ሐሳቡን መጠየቁን ጭራሽ ይተዋል። ለማክበር የታሰበው ዕውቀት አፍ የማስያዣ መሣሪያ ይሆናል ማለት ነው።

የአገር ባህል ብቻውን ዝምታን እንደማያስረዳ በጉልህ የሚያሳየኝ አንድ አደጋ አለ። ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን ካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኔዘርላንድሱ አየር መንገድ የኬኤልኤምና የአሜሪካው የፓን አም ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጉም ውስጥ ማኮብኮቢያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የኬኤልኤሙ ካፒቴን በአየር መንገዱ ውስጥ እጅግ የተከበረ አሠልጣኝ ነበር፤ ረዳት አብራሪውን በዚያው የአውሮፕላን ዓይነት ፈትኖ ያሳለፈውም እርሱ ራሱ ነበር። ካፒቴኑ ለመነሣት ሞተሩን ሲያጠነክር ረዳቱ ፈቃድ ገና አለማግኘታቸውን ነገረው፤ ካፒቴኑም ቆመ። ሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ ግን ረዳቱ በዚያ ግልጽነት አልተናገረም። አውሮፕላኑ መንደርደር ከጀመረ በኋላ የበረራ መሐንዲሱ በሬዲዮ የሰማው ነገር አጠራጥሮት፣ ፓን አም ከማኮብኮቢያው አልወጣ ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ ወጥቷል ብሎ በእርግጠኝነት መለሰለት፤ መሐንዲሱም አልደገመም።

እንግዲህ ይህ የሆነው፣ የሥልጣን ርቀቷ ዝቅተኛ ነው ተብላ በምትጠቀሰው በኔዘርላንድስ አየር መንገድ፣ አንድ ቋንቋ በሚናገሩ፣ አንድ ዓይነት አስተዳደግ ባላቸው ሰዎች መካከል ነው። ለአደጋው ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ነበሩ፤ ጉሙ፣ የሬዲዮ መልእክቶች መደራረብ፣ የሠራተኞቹ የሥራ ሰዓት ገደብ መቃረብ። ቢሆንም መሐንዲሱ ጥያቄውን ሁለተኛ ጊዜ ያላነሣበትን ምክንያት በአገር ስም መግለጽ አይቻልም። ጥያቄ የቀረበለት ሰው በአየር መንገዱ ሁሉ የሚከበር ነበር፤ መልሱም በሙሉ እርግጠኝነት የተሰጠ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለተኛ መጠየቅ ከማንም አገር ለመጣ ሰው ከባድ ነው።

የአቪዬሽኑ ዓለም ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ የወሰደው መንገድ ከሌሎች የሥራ መስኮች የተሻለ ይመስለኛል። በ1979 ናሳ በአዘጋጀው ጉባኤ የተጀመረው ሐሳብ አድጎ፣ የበረራ ቡድን አባላት እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚያስተምር መደበኛ ሥልጠና ሆነ። በዚህ ሥልጠና የበታቹ ሰው ድፍረት እንዲያገኝ ከመምከር ይልቅ መናገር የሥራው አካል ተደረገ፤ ካፒቴኑም መስማትና መጠየቅ የብቃቱ መለኪያ ሆነበት። ረዳቱ ያየውን ስህተት ሲናገር ካፒቴኑን ደፈረ አይባልም፤ የሚጠበቅበትን ተግባር ፈጸመ እንጂ። በእኔ እምነት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ይሉኝታ የያዘውን ሰው ይሉኝታህን ጣል ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ መናገሩ ግዴታው መሆኑ በሁሉም ዘንድ ሲታወቅ ግን ይሉኝታው ራሱ እንዲናገር ያግዘዋል፤ ምክንያቱም ዝም ማለቱ አሁን የሚያሳፍር ይሆናል።

በቢሮ ሥራ ውስጥ ይህን ያህል የታሰበበት ሥርዓት አልገጠመኝም። አብዛኛው ስብሰባ የሚመራው፣ ሐሳብ ያለው ሰው ሁሉ ይናገራል በሚል እምነት ነው፤ ይህ እምነት ደግሞ ራሱ የአንድ ወገን ልማድ ነው። ለአንዳንድ ባልደረቦች ስብሰባ ሐሳብ የሚፈጭበት ቦታ ነው፤ ሳይጨርሱ መናገር፣ መሐል መግባት፣ የተናገሩትን ወዲያው መሻር ምንም ነውር የለበትም። ለሌሎች ደግሞ ስብሰባ ቀድሞ በተናጠል የተመከረበት ነገር የሚጸድቅበት ቦታ ነው። በጃፓን ኩባንያዎች ውስጥ ውሳኔ ወደ ስብሰባ ከመቅረቡ በፊት የሚመለከታቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ማነጋገር የታወቀ አሠራር ነው፤ ተቃውሞ የሚነገረውም፣ ሐሳቡ የሚሻሻለውም ያን ጊዜ ነው። በዚህ አሠራር የኖረ ሰው በስብሰባ ላይ ድንገት ተቃውሞ ማንሣትን አለቃውን እንደ ማጥመድ ይቆጥረዋል። የመጀመሪያው ዓይነት ሰው ደግሞ ከስብሰባ በፊት በየቢሮው ዞሮ መመካከርን እንደ ሴራ ያየዋል። ሁለቱም በቅንነት የሚሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን አንዱ ሌላውን ማመን ያቅታቸዋል፤ ለምን እንደማይተማመኑም አያውቁትም።

ከጊዜ ብዛት የተረዳሁት፣ ዝምታው ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከጥያቄው አቀራረብ መሆኑን ነው። «ግልጽ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልሱን በውስጡ ይዞ የሚመጣ ነው፤ አይደለም ያለ ሰው ወይ ራሱን እንዳልገባው ሰው ያስቆጥራል፣ ወይ አለቃውን ማስረዳት እንዳልቻለ ሰው ያስመስላል። «ይህ ሥራ ቢዘገይ፣ በምን ምክንያት የሚዘገይ ይመስላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ መልስ የሚሰጥ ሰው ዕቅዱን አልተቃወመም፤ የተጠየቀውን መለሰ እንጂ። በአንድ ቡድን ውስጥ ለወራት አንድም ቃል ሳይተነፍስ የቆየ ባልደረባ ይህን ዓይነት ጥያቄ ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ ሲቀርብለት፣ ሌሎቻችን ያላየናቸውን ሦስት እንቅፋቶች ዘርዝሮ ሲልክ አይቻለሁ። ያ ሰው ባህሉን አልቀየረም፤ የተቀየረው እኛ በር የምንከፍትበት ቦታ ነበር።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሌላው ጉዳይ ትችት ነው። አንዳንድ ሰው ጉድለትን በግልጽ መንገር ለባልደረባ የሚደረግ ትልቅ ውለታ ነው ብሎ ያምናል፤ ማለሳለስ ለእርሱ ማታለል ነው። ሌላው ደግሞ መልካሙን አስቀድሞ ጉድለቱን በጎን ጠቆም ማድረግ የሰውን ክብር መጠበቅ ነው ብሎ ያምናል፤ ፊት ለፊት መንገር ለእርሱ ማዋረድ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች አብረው ሲሠሩ የሚፈጠረው ችግር መቀያየም ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ ይታለፍ ነበር። ከባዱ ነገር መልእክቱ ሳይደርስ መቅረቱ ነው። «ሥራው በጣም ጥሩ ነው፤ ምናልባት ሦስተኛውን ክፍል እንደገና ብናየው» የተባለ ሰው፣ እንደ ልማዱ ከሆነ፣ ሥራህ ጥሩ ነው መባሉን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ተናጋሪው ግን ሦስተኛውን ክፍል ጣለው ማለቱ ነበር። በተቃራኒው ያለ ማለሳለስ የተነገረው ሰው ከሥራ ሊያባርሩኝ ነው ብሎ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣል። እኔ በዚህ ጉዳይ ለማንኛውም ወገን አላደላም፤ አንድ ነገር ላይ ግን ጠንካራ አቋም አለኝ። የሥራው ውጤት የሰው ደኅንነት ወይም የሌላ ሰው ገንዘብ ከሆነ፣ ከማለሳለሱ በኋላ በመጨረሻ «ይህ መስተካከል አለበት፤ እስከዚህ ቀን» የሚል አንድ ግልጽ ዐረፍተ ነገር መኖር አለበት። ክብር መጠበቁም፣ ግልጽ መሆኑም በአንድ ንግግር ውስጥ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው የሚሠራ ሰው ሐሳቡን አቀናብሮ እስኪጨርስ ድረስ ርእሱ አልፎ ይሄዳል፤ ለመናገር ተራ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ተራው መቼም አይደርሰውም። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ድካሙ ይጨምራል፤ ዝምታውም ይበዛል። ይህን ድካም አፈ ጉባኤ ሆኖ የሚናገረው ሰው አያየውም፤ ምክንያቱም ቋንቋው የእናቱ ነው። በመሆኑም ብልህ የሆነውን ሰው እንደ ደካማ፣ ፈጣኑን ተናጋሪ እንደ ብልህ መቁጠር በብዙ ቡድኖች ውስጥ ሳይታወቅ የሚፈጸም ግፍ ነው፤ የደረጃ ዕድገትም በዚሁ መሠረት ይሰጣል። በሰዓት አጠቃቀም ላይ ያለው ልዩነት ብዙ የሚወራበት ቢሆንም፣ በእኔ ልምድ ቀነ ገደቡ ከነምክንያቱ ሲነገር በአብዛኛው የሚፈታ ነው፤ ስለዚህ አልዘገይበትም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ባህል የሚለው ቃል የሚሸፍነው ነገር ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአንድ አገር፣ ሠራተኞቹ በብዙ አገሮች በሆኑበት ድርጅት ውስጥ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ያሉት ቋሚ ቅጥር ሲኖራቸው፣ በሌላ አገር ያሉት ግን በየጥቂት ወራቱ በሚታደስ ውል ሲሠሩ አይቻለሁ። በስብሰባ ላይ እነዚህኛዎቹ ዝም ይላሉ፤ ኃላፊዎቹም ጨዋ ሕዝብ ነው፣ ባህላቸው ነው ይላሉ። ውሉ በአለቃው ፊርማ የሚታደስለት ሰው የአለቃውን ዕቅድ ለመተቸት ቢያመነታ፣ ይህ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ማንኛውም ሰው የሚያደርገው ስሌት ነው። የጽሑፍ ውላቸው ረዘም ያለ ጊዜ በተሰጣቸው ጊዜ፣ ከእነዚያው ጨዋ ከተባሉት ሰዎች መካከል የቡድኑ ጠንካራ ሞጋቾች የሆኑ ወጥተዋል። ስለዚህ የአንድን ባልደረባ ዝምታ በባህሉ ከመተርጎም በፊት፣ ቢናገር ምን እንደሚያጣ መጠየቅ ይገባል። ይህን ጥያቄ ያለፈ ሁሉ፣ ሥልጠናው የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ኃላፊነቱን ለሰውዬው አገር አሸክሞ ዞር ማለቱ ነው።

የሥራ ሥርዓት ሰውን ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት በካሊፎርኒያ፣ በፍሪሞንት ከተማ የሆነውን ማንሣት ይበቃል። ጄኔራል ሞተርስ እዚያ የነበረውን የመኪና ፋብሪካ በ1982 ዘጋው፤ በጥራት ጉድለትና በሠራተኞች ቀሪነት ስሙ የጠፋ ፋብሪካ ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና እንደገና ሲከፈት፣ ከተቀጠሩት አብዛኛዎቹ የዚያው የድሮው ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቶዮታ ይዞት የመጣው አሠራር ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመድ ስቦ እርዳታ እንዲጠራ፣ ካስፈለገም የምርት መስመሩን እንዲያስቆም የሚፈቅድ ነበር። ቀድሞ መስመር ማቆም ከባድ ጥፋት በሆነበት ቦታ፣ አሁን የቡድን መሪው ፈጥኖ መጥቶ ምን እንርዳህ ይላል። እነዚያው ሰዎች፣ በዚያው ከተማ፣ ጥራቱ የተመሰከረለት መኪና ማምረት ጀመሩ። ጄኔራል ሞተርስ ይህንኑ አሠራር ወደ ሌሎች ፋብሪካዎቹ ለማዛመት ግን ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ገመዱን መስቀል ቀላል ነው፤ ከባዱ ገመዱ ሲሳብ የሚመጣው አለቃ ፊቱን ሳያጠቁር መምጣቱ ነው።

ከሕክምናው ዓለም ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መቆጣጠሪያ ዝርዝር አለ። ቆዳ ከመቆረጡ በፊት በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን ይናገራሉ፤ ከዚያም ነርሷም፣ የማደንዘዣ ባለሙያውም፣ ቀዶ ሐኪሙም የሚያሳስባቸውን ነገር በተራ ይገልጻሉ። ከሲያትልና ከለንደን እስከ ኒው ዴልሂ፣ ማኒላና የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ድረስ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች በተካሄደውና በ2009 በታተመው ጥናት፣ ዝርዝሩ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ዝርዝሩ አንቲባዮቲክ በጊዜው መሰጠቱን የመሳሰሉ ሌሎች ነጥቦችንም ስለያዘ፣ ለውጡ ሁሉ ከመነጋገር የመጣ ነው አልልም። ልቤን የሚነካው ግን ስም የመናገሩ ነገር ነው። በአክብሮትም ሆነ በፍርሃት ድምፁን የማያሰማ ሰው፣ ገና አደጋ ሳይኖር፣ በማያስፈራ ነገር ላይ አንድ ጊዜ ድምፁ እንዲሰማ ይደረጋል፤ ያን ያህል በባህል የተራራቁ ሆስፒታሎችም አንድ ዓይነት ሥርዓት መጠቀም አላቃታቸውም።

እኔም በምመራቸው ትናንሽ ቡድኖች ውስጥ አዲስ ባልደረባ ሲመጣ አገሩ ስለሚከተለው ልማድ አልጠይቅም። የምጠይቀው፣ መጥፎ ዜና ሲኖር እንዴት ሊነግረኝ እንደሚመርጥ ነው። አንዱ ወዲያው በስልክ፣ ሌላው አስቦበት በጽሑፍ ይላል። አልፎ አልፎ ደግሞ እርሱ ራሱ ሳይሆን በሚያምነው ሌላ ባልደረባ በኩል እንዲደርሰኝ የሚመርጥ ሰው ያጋጥመኛል። ይህን ሦስተኛውን መንገድ ብዙ ኃላፊዎች አይወዱትም፤ ሐሜት ያበዛል፣ ሰውንም ፈሪ ያደርጋል ይላሉ። ሥጋታቸው ቢገባኝም መንገዱን እቀበለዋለሁ፤ ምክንያቱም በሰው በኩል የመጣ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ያድነዋል፤ ያ ባልደረባም ነገሩን በማንሣቱ ምንም እንዳልደረሰበት ሲያይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ለመምጣት የሚያበቃ ምክንያት ያገኛል። ባይመጣም እንኳ አማላጁን እቀበላለሁ፤ እኔም መልሱን በዚያው መንገድ እልክለታለሁ።